ሳሎኑን ለሥራ ስጡት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ለቤት ቢሮዬ የትኛው ኤሲ ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሒሳብ ባለሙያ ናት። ለተለያዩ ድርጅቶች ከቤቷ ሆና ትሠራለች። ክፍሉ የት እንደሆነ ስጠይቃት ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ነው አለችኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ያለችውም አንድ መስኮት ወደ ምዕራብ የምታይ። «ሳሎናችሁስ?» አልኳት። «እሱማ የእንግዳ ነው!» አለችኝ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ አባቴ ከሐሳቤ አልጠፋም።

አባቴ መዝገብ ያዥ ነበር። ድሬዳዋ ድሮም ቀትር ላይ ትዘጋለች። ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፤ ፀሐይ በረድ ስትል ወደ ሥራው ይመለሳል። አባቴ ግን በዚያች ሰዓት የመጋላ ሰፈር ነጋዴዎችን መዝገብ ቤት አምጥቶ ይሠራ ነበር። እኛ የተማርነው በዚያ ገንዘብ ነው። የሚሠራበት ክፍል ጓሮ፣ ከማድቤቱ ጎን ነው። ከአናቱ በላይ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ላቡ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ከክንዱ ሥር ፎጣ ያነጥፋል። ፎጣው ሲርስ እኔን ጠርቶ ያስቀይራል። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ ቀለሙ ይፈስና ገጹን እንደ አዲስ ይገለብጠዋል። ቬንትሌተር ተገዝቶለት ነበር። ወረቀቱን እየበተነ አስቸገረው፤ በየወረቀቱ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ ሰለቸውና አጠፋው።

ሳሎናችን ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ኮርኒስ ያለው። ፊት ለፊቱ በረንዳ። የከዚራን ሰፈር የጥንት ቤቶች ያየ ያውቀዋል። ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ድሬ ከገባ በኋላ እዚያ የሠሩት ሰዎች ሙቀቱን አስበው ነው የሠሩት። በባዶ እግር ሊሾው ላይ ስትቆሙ ቅዝቃዜው ወደ ላይ ይወጣል። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፤ ቡፌው ውስጥ ማንም ያልጠጣባቸው ስኒዎች ተደርድረዋል። ቁልፉ እናቴ ዘንድ ነው። ለዓመት በዓል፣ ለለቅሶና ለሽማግሌ ይከፈታል።

እኔ የቤት ንድፍ ተምሬ ስመለስ አባቴ እዚያው ጓሮ ነበር። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት እንዴት እንደሚያዘገይ፣ ቆርቆሮ ደግሞ እንዴት ወዲያው ወደ ታች እንደሚለቀው አውቄ ነው የመጣሁት። ግን በቤታችን ስለ ሳሎን የምትወስነው እናቴ ነበረች። «እማዬ፣ ክፈቺለት» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ይልቅ ደህና ጠረጴዛ አሠርቼ እዚያው ጓሮ አስገባሁለት። መረቀኝ። ሳሎኑ ውስጥ ረጅም ሰዓት የተቀመጠው ጡረታ ወጥቶ ከታመመ በኋላ ነው። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ «እዚህ እንዴት ቀዝቃዛ ኖሯል» አለ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከምንም በፊት በቤታችሁ ውስጥ ቀዝቃዛው ክፍል የትኛው ነው? እሱን ለሥራ ጠይቁ። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በየክፍሉ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት፤ ገላችሁ ይነግራችኋል። የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የምታስቡት በካሜራ የሚታየውን ነው። ከጀርባ የሚበራ መብራት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ። እኔ ይሄ ያናድደኛል። ጀርባችሁ ያምራል፣ እናንተ ግን በላብ ታልቃላችሁ። ስለ ወንበርና ስለ ጠረጴዛ ከፍታ አልነግራችሁም፤ የትም ታገኙታላችሁ።

የመስኮት ነገር ግን የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ እንዳለው አይደለም። እነሱ ሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም ይላሉ። እኛ ጋ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ደግነቱ በጣም ከፍ ብላ ስለምትሄድ ትንሽ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃታል። የምዕራቧ ናት ጠላት። ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክፈፍ አያቆማትም። ከውስጥ መጋረጃ ብትሰቅሉ ሙቀቱ አንዴ ገብቷል። መከለያው ከውጭ ይሁን፦ ዛፍ፣ የእንጨት መዝጊያ፣ ሌላው ቢቀር ሰሌን። ጠረጴዛውን ደግሞ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪዎችን ቤት ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። ዋናው ክፍል አይቆለፍም። ነደባዎቹ፣ ማለትም መቀመጫ መደቦቹ፣ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ የቤቱ አባወራ አሚር ነደባ ላይ ሆኖ በሩን ያያል። ሰው የሚኖረው በጣም በሚያምረው ክፍሉ ውስጥ ነው። በእርግጥ ሐረር ከድሬ ብዙ ከፍ ትላለች፤ በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ነው አየሩ የሚለወጠው።

ጓሮ ከመሥራት ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ መጀመሪያ ኮርኒስ አሠሩ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ይተውለት። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀቡት። ኤሲ ለመግዛት አትሩጡ፤ ባዶ ቆርቆሮ ሥር ኤሲ ገንዘብ መበተን ነው። ቢሆንም ግንቦትና ሰኔ 35 ዲግሪ ሲገባ፣ ያውም ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ከሚለቅ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ሥር ከሆናችሁ፣ አቅሙ ካላችሁ ግዙት። በሽታ ከመሸመት ይሻላል። ኧርዝ ያለው ለብቻው የተዘረጋ መስመር ግን አሠሩለት፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ማከፋፈያ እንዳትሰኩት።

እናቶቻችሁን አታስቀይሙ። እኔም ሳሎን ከቤታችን ይጥፋ አላልኩም፤ እንግዳ የማይገባበት ቤት አይመቸኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳሎን ገብታችሁ ጀምሩ። እስከ 5 ሰዓት ተኩል ማንም ወደ ሱቅ እንዳይልካችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቤት ያለ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላቸዋልና። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ይነሳ፣ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ይጠጋ፣ ረከቦቱ ይግባ።