ለንብ አናቢዎችና ለዓሣ አጥማጆች፦ ስለ ብርብራ ዛፍ

ይድረስ በወሎ፣ በሐይቅ ዙሪያ ለምትኖሩ፣ ንብ ለምታነቡና ዓሣ ለምታጠምዱ ወጣቶች።

አብሽሩ ልጆቼ። በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ወጣት እየመጣ "ምን ልትከል?" ይለኛል። መልሴ ብዙውን ጊዜ ብርብራ ነው። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ደግሞ "ዓሣ የሚገድለውን?" የሚል ነው። አዎ፣ እሱኑ። ንብ አናቢው የሚወደው፣ ዓሣ አጥማጁ የሚፈራው ዛፍ አንድ ስለሆነ ነው ነገሩን በጽሑፍ ላስረዳችሁ የፈለግሁት።

ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። ከአተርና ከባቄላ ወገን በመሆኑ ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ያለማሉ፤ ቡና አምራቾች ለጥላ የሚመርጡትም ለዚህ ጭምር ነው። ሲያብብ ቀርባችሁ እዩት። ሐምራዊው አበባ በዘለላ ይወጣል፤ እያንዳንዷ አበባ የአተር አበባ መልክ አላት። ንቧ ታችኛው የአበባ ቅጠል ላይ አርፋ ስትጫነው የተሸሸገው የአበባው ወንዴ ክፍል ብቅ ብሎ ሆዷን በዱቄት ይቀባታል። በጠዋት ከሥሩ ብትቆሙ ከቅርንጫፉ ሁሉ የንብ ድምፅ ይሰማችኋል።

የወሎ ንብ አናቢ አደይ አበባን ብቻ መጠበቅ የለበትም። የመስከረሙ አበባ ከረገፈና ማሩ ከተቆረጠ በኋላ በጋው ረጅም ነው፤ የሚቀስመው ያጣ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ሣሩ ሲደርቅ ሥሩ ጠልቆ ውኃ የሚያገኘው ዛፍ ነው። ስለዚህ ደብተር ይኑራችሁ። ዋንዛው፣ ግራሩ፣ ብሳናው፣ ብርብራው በቀበሌያችሁ በየትኛው ሳምንት እንዳበበና መቼ እንዳረገፈ ጻፉ። ጥቂት ዓመት ሲጠራቀም ክፍት የቀረውን ወር ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ምን እንደምትተክሉም ያኔ ትወስናላችሁ። ባሕር ዛፍም ለንብ ያብባል፣ ይህን አልክድም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ማብቀል ስለሚያስቸግር ግን ለሐይቅ ዳር አልመክረውም።

ወደ ዓሣው ልምጣ። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን መርዙ በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው፣ በኩል ወደ ዓሣው ይገባል። ከዚያ በኋላ ኦክስጅን በደሙ ውስጥ እያለ እንኳ ሕዋሳቱ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣና ይገለበጣል። ቀላል ማጥመጃ ይመስላል። ነገር ግን ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንሹን ያሳልፋል፣ መንጠቆም አንድ አንዱን ይይዛል፤ የብርብራ ዱቄት ትንሽ ትልቅ አይልም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እሷን በመርዝ የገደለ የመጪውን ዓመት ዓሣም አብሮ ገደለ። በመርዝ ማጥመድን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከልክሎታል፤ ሕጉ ባይኖርም እኔ እቃወመው ነበር።

እንግዲያው ዛፉ ይቆረጥ የሚሉ አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሐይቃችን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ከዳገቱ የወረደው ደለል እዚያው ይቀራል፣ ቆሮሶ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይሸፍናል። አፈሩን በሥሩ የሚይዝ ዛፍ ለዓሣ አጥማጁም እየሠራ ነው። ጥፋቱ ፍሬውን የወቀጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ብርብራን ከውኃው ጠርዝ ራቅ አድርጋችሁ በእርሻ ድንበርና በዳገቱ ላይ ትከሉት። የፍሬው ቅርፊት ሲደርቅ በኃይል ተሰንጥቆ ዘሩን ስለሚበትን ሳይፈነዳ ልቀሙት፤ ለችግኝ የምትፈልጉትን ሳይቆይ ዝሩ፣ የተረፈውን ከሕፃናትና ከውኃ መቅጃ አርቃችሁ ቅበሩ። ዱቄቱን ለተባይ መከላከያ የሚጠቀም ገበሬ ካለ ሰብሉ አበባ ላይ እያለ እንዳይረጭ ንገሩት፤ ተባዩን የሚገድለው ንቧንም ሊጎዳ ይችላል። ፍሬውን ማን እንደሚለቅም ከመትከላችሁ በፊት የሁለታችሁም ማኅበራት ተሰብስበው ይወስኑ። እኔ ለንብ አናቢዎቹ ቢሰጥ እላለሁ፤ አበባው ከረገፈ በኋላ የትኛው ዛፍ ፍሬ እንደያዘ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።