ከኔጋቲቭ እስከ ስልክ፦ ስለ ፎቶግራፍ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፎቶ ቤት የገባሁት በልጅነቴ ፊልም አጣቢ ሆኜ ነው፤ እስከ ዛሬም ከሥራው አልወጣሁም። ስለ ፎቶ ታሪክም ሆነ ስለ አነሳሱ የከነከናችሁን ጠይቁኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዓለም የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሳው ማን ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ቀዳሚው ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ያነሳው ነው። ሬንጅ የተቀባ ሳህን ካሜራው ውስጥ አስገብቶ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል ብርሃን አስመታው። ፎቶውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት በግራም በቀኝም ያለው ግድግዳ ፀሐይ አርፎበታል። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ስለዋለ የጧቷም የማታዋም ፀሐይ አንድ ላይ ተይዛለች። በ1839 ይፋ የሆነው የሌላው ፈረንሳዊ የዳጌር ዘዴ ቆይታውን ወደ ደቂቃዎች አወረደው፤ ግን ከአንድ ሳህን የሚገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ከአንዱ ብዙ ማተም የተቻለው እንግሊዛዊው ታልቦት ኔጋቲቭን (ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ የሚወጣበትን ምስል) ካመጣ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ አገራችንስ?

በ1868 መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች፤ ያን የሕፃን ፊት ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። በኋላ በቤተ መንግሥት ሥራውን የያዙት አርመኖች ናቸው፤ አባትየው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን፣ ልጆቹ ደግሞ ከእሱ በኋላ።

ጥያቄ፦ ግድግዳችን ላይ ያሉት የድሮ ባለ ቀለም ፎቶዎች ቀልተዋል፤ የአያቴ ጥቁርና ነጭ ግን እንዳለ አለ። ለምን ይሆን? (ከቢቸና)

ጥቁርና ነጩ የተሠራው ከብር ነው፤ ጥቁሩ የምታዪው ሁሉ የብር ብናኝ ነው፣ በቀላሉም አይለቅም። ባለ ቀለሙ ግን በሦስት ማቅለሚያ የቆመ ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚደበዝዝ የቀረው ቀይ ሆኖ ይታያል።

ጥቁርና ነጩም ቢሆን የሚበላሽበት መንገድ አለው፤ ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት ሃይፖ ይባላል። በብዙ ውኃ ካልተለቀለቀ ወረቀቱ ውስጥ ይቀርና ከዓመታት በኋላ ብሩን ይበላዋል። ልጅ ሳለሁ ውኃ በጀሪካን ስለምንቀዳ እቆጥብ ነበር። በዚያ ሰሞን ያጠብኩት የአንድ ሠርግ ፎቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ እጄ ገባ፤ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ጥለቱ የሻይ ቀለም ይዟል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአያትሽን ፎቶ ከጢስና ከፀሐይ አርቂው። የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበም ውስጥ አታስገቢው። መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትላጪው፤ ከነመስታወቱ ፎቶ ይነሳ። በጀርባው የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፊ፤ የሚያውቋቸው ሳያልፉ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ነጭ የለበሰ ሰው ሳነሳ ፊቱ ይጠቁርብኛል። (ከደጀን)

ካሜራው ነጩን ጋቢ አይቶ ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ይቀንሳል። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንካና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርግ። ቀትር ላይ አታንሳ፤ ወደ ጥላ ወይም ወደ በር አፍ አምጣው።

ጥያቄ፦ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በድሮ ፎቶ ግዙፍ ነው። ሌንሱ ነው ወይስ ውኃው? (ከባሕር ዳር)

ውኃው ነው። አብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚጠለፍ ቀንሷል። ለዚህ ነው የቆየ ፎቶ ምስክር ነው የምለው። ክረምቱ ሲወጣ ሂድ፤ ፀሐይዋን ከጀርባህ ካደረግህ ቀስተ ደመናውንም ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፈ ቆየ። ያለን የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ጉንጩ ላይ አርፏል። አጉልተን ማሳተም እንችላለን? (ከሞጣ)

ነፍስ ይማር፣ እኅቴ። ይቻላል። በ1200 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ይደረግ፤ ማኅተሙን የሚያነሳልሽም ከጉንጩ ቆዳ ላይ እየቀዳ ቀስ በቀስ በእጁ ይሥራው። ፊት የሚያጠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ላይ ግን አትቸኩዪ። ፎቶው የሌለውን ዝርዝር ከሌላ ሰዎች ፊት ገምቶ ይሞላዋል፤ ዓይኑ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ አባትሽ ግን አይሆንም። አንድ ቤተሰብ እንዲህ አሠርቶ አምጥቶልኝ እናትየዋ ፎቶውን ይዘው «ይኸማ እሱ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ትንሽ ቢደበዝዝም የእሱ ይሁን፤ ያ ብርሃን ከራሱ ፊት ላይ የመጣ ነው። ዋናውን ግን ለማንም ትተሽ እንዳትሄጂ። ስካን ሲደረግ እዚያው ቁጭ በዪ፣ ይዘሽው ተመለሺ።