የገቢዎች ኦዲተር ነጋዴ ቤት ከመግባቱ በፊት

«ጎንደር ውስጥ በገቢዎች የታክስ ኦዲት ቡድን መሪ ነኝ፤ 14 ዓመት አገልግያለሁ። ኦዲት ያደረግሁት አንድ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ሆነህ ና ብሎኛል። ከለቀቅሁ በኋላ ስንት ጊዜ ልጠብቅ?» ላልኸው ወንድሜ፦

የምትፈራው የመጠበቂያውን ጊዜ ነው፤ ሰው የሚጠመደው ግን ከመልቀቁ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። እንግሊዝ ሀገር ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊ ከለቀቀ በኋላ እስከ 2 ዓመት ድረስ ሥራ ከመያዙ በፊት ማመልከት ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ላይ ገደቡ ለተመጣጣኝ ጊዜ ይሁን ይላል እንጂ ቀን አይቆጥርም። ስለዚህ ቁጥር ፍለጋውን ተወውና ወረቀትህን አስተካክል።

1. የየትኛው ሕግ ሰው እንደሆንህ እወቅ። የከተማ አስተዳደር ወይም የዞን ሠራተኛ ከሆንህ የሚገዛህ የአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። ጉምሩክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለው ነው በፌዴራል ሕግ የሚገዛው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ የፌዴራል አዋጅ ይዞ ከሰው ሀብት ጋር የሚጨቃጨቀው ብዙ ነው፤ ሁለቱ ቢመሳሰሉም አንቀጽ ስትጠቅስ የራስህን ጥቀስ።

2. «ና» ከተባልህበት ቀን ጀምሮ የዚያን ድርጅት ፋይል አትንካ። ይህን ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አድርገው። ለቅርብ ኃላፊህ በሁለት ኮፒ ጻፍ፦ የግብር ከፋዩ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ያየኸው የሂሳብ ዘመን፣ የሥራ ጥያቄው የቀረበልህ ቀን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራስህን ማግለልህ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግና በአንተ ኮፒ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይኑርበት። «ግድ የለም፣ አስቀምጠው» ካሉህ አስቀምጠህ እንዳትወጣ። ያ ኮፒ ከሌለህ ደብዳቤው አልተጻፈም።

ምክንያቱን ልንገርህ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ገንዘብ እጅህ እስኪገባ አይጠብቅም፤ የጥቅም ተስፋ መቀበልም ያስጠይቃል። የተሻለ ደመወዝ ያለው ወንበር ጥቅም አይደለም ብለህ ዐቃቤ ሕግ ፊት ለመከራከር ከፈለግህ ያው መብትህ ነው። በዚያ መካከል የኦዲት ግኝቱን የሚቀንስ ሰነድ ላይ ከፈረምህ፣ ቅነሳው ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምንህ አታገኝም። ፋይሉን ለሥርህ ላለ ባለሙያ መርቶ ማጽደቂያውን ራስ መፈረም ደግሞ ማግለል አይባልም፤ ብዙ ቡድን መሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የሥራ ወረቀቶቹን በገጽ ብዛት ዘርዝረህ በማስረከቢያ ቅጽ አስረክብ፤ ተረካቢው ይፈርምልህ።

ከለቀቅህ በኋላም ፋይሉ አይተኛም። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 የታክስ ስሌት እስከ 5 ዓመት ተመልሶ ሊሻሻል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለበት ጊዜውም አይገድበውም። ድጋሚ ኦዲት የሚመጣው ኦዲተር መጀመሪያ የሚያነበው የቀድሞውን ሪፖርት ነው፤ የአንተን ፊርማ አይቶ ቀና ሲል ጠረጴዛው ማዶ አንተ ተቀምጠሃል። በተለይ ድርጅቱ በአንተው ውሳኔ ላይ ቅሬታ ያቀረበ ከሆነ አትግባ፤ የራስህን ግኝት የሚሽር አቤቱታ ልትጽፍ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ የዚያ ቅሬታ ውሳኔ ሳይሰጥ ውል አትፈርም።

ምስጢሩም አብሮህ ይወጣል። ያው አዋጅ የታክስ መረጃ ጠባቂነትን በቀድሞ ሠራተኛም ላይ ይጥላል። ነጋዴው የሚፈልገው የአንተን ሙያ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ገበያ ያለው ተፎካካሪው ስንት ሽያጭ እንዳሳወቀ ቡና ላይ እንደ ዋዛ ይጠይቅሃል። ጎንደር እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ማራኪ ሰፈር ያልኸው ለምሳ ፒያሳ ይደርሳል። ተቀጥረህ የአሠሪህን ሂሳብ ብቻ መሥራት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቢሮ ከፍተህ ለብዙ ሰው የታክስ ጉዳይ ልሥራ ካልህ ግን የታክስ ወኪል ፈቃድ ያስፈልግሃል።

መልቀቂያውን ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ አስገባ። በቀላሉ የማትተካ ነህ ብለው እስከ 3 ወር ሊያቆዩህ ስለሚችሉ ለነጋዴው የመጀመሪያ ቀን ቃል አትግባ። ጥለህ ከጠፋህ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ላይ «በራሱ ፈቃድ» የሚለው አይጻፍም፤ ያ ቃል ደግሞ ነገ ያስፈልግሃል።

ክሊራንስ (ከዕዳና ከንብረት ነጻ መሆንህን የሚያረጋግጠው ወረቀት) ላይ የሚያንከራትትህ ንብረት ክፍል ነው። በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) የወሰድኸው ሁሉ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተመላሽ መሆን አለበት። ላፕቶፑን ለተተኪህ በእጅ ሰጥተህ ሄድህ እንበል፤ በመዝገቡ እስካሁን ያንተ ነው። ዕቃውን ወደ መጋዘን መልሰህ ሞዴል 19 ተቀበል፣ ከዚያ ተተኪው በራሱ ስም ያውጣው። «የንብረት ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ና» የሚባለውን ለምደነዋል፤ ስለዚህ ክሊራንሱን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምር። የሀብት ምዝገባ ያለብህ ከሆንህም ስትለቅ ማሳወቅህን አትርሳ።

ጡረታህ። 14 ዓመቱ አይጠፋም፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1268/2014 ከምታገለግለው ጋር ይደመራል፤ አሠሪው 11፣ አንተ 7 በመቶ እየከፈላችሁ። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ይዘህ ውጣ። «ጡረታውን ከደመወዝህ ጋር ጨምሬ በእጅህ ልስጥህ» የሚል ነጋዴ ካጋጠመህ እምቢ በል፤ እሱ 11 በመቶውን ሊያተርፍ፣ አንተ ዓመቶችህን ልታጣ ነው። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ስለሚችል የቅጥር ውሉ ተፈርሞ ኮፒው እጅህ ሳይገባ መልቀቂያህን አታስገባ፤ ውሉን የምትፈርመው ግን ተራ ቁጥር 2 ላይ ያለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ነው።