ጥርስ «በለዘ» ወይስ «በሰበሰ»?

ጥያቄ፦ በዝዋይ አካባቢ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ፍሎሮሲስን (ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን በበዛበት ውሃ የሚመጣ የጥርስ ጉዳት) «የጥርስ መበስበስ» ብዬ ሳስረዳ ታካሚዎች ጥርሳቸው የሚነቀል እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። የአማርኛ ስም የለውምን?

መልስ፦ አለው፤ ያውም ታካሚዎችዎ ራሳቸው ይዘውት የሚመጡት ቃል ነው። ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው «ጥርሴ በለዘብኝ» ይላል። «በለዘ» ስለ ቀለም የሚናገር ግስ ነው፤ ተመትቶ ዙሪያው የጠቆረን ዓይን «በልዟል» ስንል ዓይኑ ጠፋ ማለታችን እንዳልሆነ ሁሉ፣ የበለዘ ጥርስም ቀለሙ ተለወጠ እንጂ አልተበላም። «ነቀዘ» ግን የነቀዝ ዘመድ ነውና በነፍሳት ተበልቶ ገለባው የቀረውን እህል ያስታውሳል፤ እርሱንና «በሰበሰ»ን ለተቦረቦረ ጥርስ ይተዉአቸው። በከፋ ሁኔታ የጥርሱ ገጽ ሲጎደጉድና ሲቆራረስ ግን «በለዘ» ብቻውን ስለማይበቃ «ተሸረፈ» የሚለውን ይጨምሩበት።

«ውሃው ጥርስዎን አበለዘው» የሚለው አነጋገር በሰዋስው ረገድ እንከን ባይኖረውም ጥንቃቄ ይሻል። ቡናና ሲጋራም ጥርስ ያበልዛሉና ሰሚው ነገሩን ከውጭ የተለጠፈ እድፍ አድርጎ ይወስደውና «በምን ይታጠባል?» ይልዎታል (ከሰል ይዞ የሚፍቅም አይጠፋም)። ፍሎራይዱ የሚጎዳው ግን በልጅነት፣ በተለይም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ጥርሱ በመሠራት ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ ከምክንያቱ በፊት ጊዜውን ያስቀድሙ፦ «ልጅ ሳሉ፣ ጥርስዎ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ፣ በሚጠጡት ውሃ ፍሎራይድ በዝቶ ስለ ነበር ሽፋኑ በደንብ ሳይጠነክር ወጣ።» «በዝቶ» ሲሉም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም መሆኑን ቢያክሉ አይከፋም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ለእናቶች የሚነገረው «የተጣራ ውሃ ያጠጡ» የሚለው ምክር ነው። «አጣራ» ጠላ በጨርቅ ለማጥለልም፣ ውሃን በመድኃኒት ለማከምም፣ ወሬ ለማረጋገጥም የምንጠቀምበት ሰፊ ግስ ስለሆነ፣ እናቲቱ ነጠላ ዘርግታ ብታጠልለው ወይም ብታፈላው ምክሩን የፈጸመች ይመስላታል። ጨርቅ ፍሎራይድን አይዝም፤ ማፍላትም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ በቀረው ውስጥ ያለውን የፍሎራይድ መጠን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል። «ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውሃ» ይበሉ፤ ረዘም ቢልም አያሳስትም። ቀጥሎም ያ ውሃ በሰፈራቸው ከየትኛው ቦኖ እንደሚቀዳ ይንገሯቸው።