አበቅቴ፣ ግርዶሽና የበዓላት ጨረቃ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ቀመር) ስማር፣ የኔታ የቀመሩ መሠረት የሆኑት ቁጥሮች አበቅቴ 11፣ መጥቅዕ 19 የሆኑት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስ ሌሊቱን 23 ሱባኤ፣ ቀኑን 7 ሱባኤ ገብቶ በተገለጠለት መሠረት ነው ብለው አስተምረውኛል። አሁን የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ ግን 11 ማለት የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት የቀን ብዛት እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም ብሎ ተከራከረኝ። ከየኔታና ከተማሪዬ የማንን ልቀበል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም ስሌቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመልከታቸው። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ስለሆነ 23 ሱባኤ 161 ቀን ይሆናል፤ ይህ በ30 ሲገደፍ (ማለትም በ30 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 11 ይቀራል። 7 ሱባኤ ደግሞ 49 ነው፤ 30 ሲገደፍለት 19 ይቀራል። በተማሪዎ መንገድ ስንሄድ፣ ጨረቃ 12 ጊዜ ተወልዳ 12 ጊዜ ለመጨረስ 354 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ይህ ከ365 ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ 11 ከ30 ሲቀነስ ደግሞ 19 ይገኛል። የኔታ ያስተማሩት ትውፊት ቁጥሮቹ ለማን፣ በምን ዓይነት ጾምና ጸሎት እንደ ተሰጡ ይናገራል፤ ተማሪዎ ደግሞ ቁጥሮቹ በሰማይ ላይ ከምን ጋር እንደሚገጥሙ ይናገራል። በፊዚክስ ክፍል ውስጥ «11 ለምን ሆነ?» ተብለው ከተጠየቁ፣ መልስዎ ያለ ማመንታት የጨረቃ ዑደት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ክርስቲያን ያልሆነ ተማሪም በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጠው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 16 ቀን ሙሉ የነበረችው ጨረቃ፣ በ2017 ዓ.ም. ሙሉ የሆነችው ሚያዝያ 5 ቀን ነው፤ 11 ቀን ቀድማ ማለት ነው።

ተማሪዎ «ሌላ ምስጢር የለውም» ማለቱ ግን ትንሽ ችኮላ አለበት። በትውፊቱ የተጠቀሱት 23 እና 7 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ስለዚህ አበቅቴና መጥቅዕ ምን ጊዜም ተደምረው 30 እንዲሞሉ የሚያደርገው ሕግ በሱባኤው ቁጥር ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል። ይህን ትውፊት ያቆዩልን አባቶች የወሩን ሒሳብ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር በዐውደ አበቅቴው (በ19 ዓመቱ የአበቅቴ ዑደት) መጨረሻ ላይ ይገኛል። ወንበሩ (ዓመቱ በዑደቱ ውስጥ ከዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር ያለው ተራ) 18 ሲሆን 18 በ11 ተባዝቶ 198 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 18 ነው። በቀጣዩ ዓመት 11 ቢጨመርበት 29 መሆን ነበረበት፤ ቀመሩ ግን 29 አይልም፤ ወንበሩን ወደ ዜሮ መልሶ አበቅቴውን አልቦ (ዜሮ) ያደርገዋል፤ ይኸውም በዚያ ዓመት 12 ቀን ያዘልላል። ይህ ዝላይ ባይኖር ኖሮ ሒሳቡ በየ19 ዓመቱ አንድ ቀን ከጨረቃ እየራቀ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለው ማስተካከያ ከማባዛትና ከመግደፍ ብቻ አይገኝም፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እንደሚገጥም ለረጅም ዘመን ሰማዩን ተመልክተው ካወቁ ሰዎች የተወረሰ ነው። ይህንን ዑደት የባቢሎን ሊቃውንትም፣ የአቴናው ሜቶንም ከክርስቶስ ልደት በፊት ያውቁት ነበር። ተማሪዎ ይህን ዝላይ በራሱ ሠርቶ ቢያገኘው የኔታን ከቀድሞው ይልቅ እንደሚያከብራቸው አልጠራጠርም።

ጥያቄ፦ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚህ ዳላስ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ከልጆቼ ጋር አይተናል። ታላቋ ልጄ «ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ አዲስ ስትሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ15 ቀን በኋላ ጨረቃ ሙሉ ትሆናለች። ታዲያ ፋሲካን እስከ ሚያዝያ 27 ለምን ጠበቅን?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። በስልኬ ያለው የበዓላት ማውጫ ፕሮግራምም ያንኑ ቀን ነው የሚያሳየው። ቀመሩ ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። ሙሉ ጨረቃዋ የወጣችው ለረቡዕ ሚያዝያ 16 አጥቢያ ነው። ፋሲካ ለምን እንደ ዘገየ ለማየት ዓመቱን በቀመሩ እናስላው። 5500 እና 2016 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት የተቆጠረው ዘመን) 7516 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ ቀሪው፣ ማለትም መደቡ፣ 11፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። 10 በ19 ተባዝቶ 190፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ቀን ዋለ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ (በቀመሩ የተመደበለት ተደማሪ ቁጥር) 8 ነው፤ ከ10 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ (የጾመ ነነዌን ቀን የሚሰጠው ድምር) 18 ስለሚሆን ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። በዚህ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 69 ሲጨመር ሚያዝያ 27 ይመጣል። በስሌቱ ውስጥ አንዲት የመደመር ስሕተት የለችም።

ልዩነቱ ያለው ቀመሩ በሚያስባት ጨረቃና በሰማይ ባለችው ጨረቃ መካከል ነው። በቀመሩ መሠረት የዚያ ወር ሙሉ ጨረቃ የዋለችው እሑድ ሚያዝያ 20 ቀን ነው። ሙሉ ጨረቃዋ እሑድ ላይ ስትውል በዓሉ ወደ ቀጣዩ እሑድ ስለሚሸጋገር ሚያዝያ 27 ሆነ። እውነተኛዋን ጨረቃ ብንከተል ኖሮ በዓሉ ሚያዝያ 20 ይውል ነበር። የአራቱ ቀን ልዩነት የመጣው 235ቱ የጨረቃ ወራት ከ19ኙ ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያንሱ ነው። ይህ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በ300 ዓመት ገደማ ግን አንድ ቀን ይሞላል፤ የፋሲካ ሥርዓት ከተወሰነበት ከኒቅያ ጉባኤ ደግሞ 1700 ዓመት አልፎናል።

ምዕራባውያን ከእኛ አምስት ሳምንት ቀድመው መጋቢት 22 ያከበሩት በሌላ ምክንያት ነው። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት በቀመራችን መጋቢት 25 ላይ ጸንቶ ተቀምጧል፤ በ2016 ዓ.ም. በሰማይ የሆነው ግን መጋቢት 11 ነው። የእኛም የጥንቶቹ ሮማውያንም ዓመት 365 ቀን ከሩብ ሆኖ ስለሚቆጠር ከትክክለኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይበልጣል። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት ወራቸው 10 ቀን ያስወገዱት ይህንን ለማረም ነበር። ስለዚህ መጋቢት 16 ቀን የወጣችው ሙሉ ጨረቃ ለእነርሱ የፋሲካ ጨረቃ ስትሆን፣ ለእኛ ከመጋቢት 25 በፊት በመውጣቷ ሳትቆጠር አለፈች።

የስልክዎ ፕሮግራም ሰማይን አይመለከትም፤ ከላይ የጻፍነውን መግደፍና ማባዛት በቅጽበት ይሠራል እንጂ። መሪጌታው በጣታቸው ቆጥረው ከሚያገኙት የተለየ ቀን ቢያሳይዎ የተበላሸው ፕሮግራሙ ነው።

ቀመሩ ይታረም ወይስ አይታረም የሚለውን ለመወሰን የሥነ ፈለክ ሊቅ ሥልጣን የለውም፤ ልዩነቱን መለካትና በግልጽ መናገር ግን ግዴታው ነው። ጉዳዩን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ተወያይተውበታል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. በሶርያዋ ሐለብ ከተማ የተሰበሰቡ ተወካዮች ፋሲካ በኢየሩሳሌም ሰማይ ላይ በምትታየው እውነተኛ ጨረቃ እንዲሰላ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። አንድ ላይ መጾምና አንድ ላይ መፈሰክ ለምእመናን ከአራት ቀን ትክክለኛነት በላይ ሊከብድ እንደሚችል ይገባኛል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ልጆች እንደ ልጅዎ ያለ የጠራ ጥያቄ ሲያነሡ «እምነትን አትመርምሩ» ተብለው ዝም መባላቸው። ባሕረ ሐሳብን የሠሩት አባቶች የጨረቃን አካሄድ የመረመሩ ሰዎች ናቸው። ልጅዎን የሚቀጥለውን ዓመት አበቅቴ እንድታወጣ ያስተምሯት፤ ከዚያም ውጤቷን ከሰማዩ ጋር ታስተያይ።

ጥያቄ፦ በረመዳን 29ኛ ቀን ማታ ጨረቃ ታየች አልታየች እያልን ዜና እንጠብቃለን። የግርዶሽን ሰዓት በሰከንድ የሚናገር ሳይንስ ባለበት ዘመን ዒድን አስቀድሞ መናገር ለምን አልተቻለም? (ከደሴ)

መልስ፦ ከዳላስ የመጣችው ጥያቄ ለእርስዎም ትጠቅማለች፤ ያችው ፀሐይን የጋረደችው ጨረቃ የ2016ቱን ረመዳን የዘጋች ናትና። ጨረቃዋ ፀሐይን ያለፈችበት ቅጽበት በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሰኞ መጋቢት 30 ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነበር። በደሴ ፀሐይ የጠለቀችው ከዚያ ሦስት ሰዓት ገደማ ቀድማ ነው። ስለዚህ በዚያች ምሽት ጨረቃዋ ከፀሐይ በፊት ስለገባች፣ በዓይንም ሆነ በቴሌስኮፕ ያያት ሊኖር አይችልም፤ ይህን ከዓመታት በፊት በእርግጠኝነት መናገር ይቻል ነበር። በማግስቱ ማክሰኞ ማታ ጨረቃዋ የ21 ሰዓት ዕድሜ ስለነበራት ለማየት አላስቸገረችም፤ ረመዳን 30 ሞልቶ ዒድ ረቡዕ ሚያዝያ 2 ዋለ።

አስቸጋሪው ጨረቃዋ በምሽቱ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ገደማ ዕድሜ ሲኖራት ነው። ያን ጊዜ መታየት አለመታየቷ በአቧራው፣ በደመናው፣ በተራራው ከፍታና በተመልካቹ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ስሌቱ «ምናልባት» ከማለት አያልፍም። የትኛው ይበቃል የሚለው ደግሞ የሸሪዓ ጥያቄ ነው። ቱርክ ወሩን በስሌት አስቀድማ ታውጃለች፤ ሌሎች ዑለማዎች ወሩ የሚገባው ጨረቃ በዓይን ስትታይ ነው ብለው ሲጸኑ፣ ከእነርሱ ውስጥ ስሌትን የማይሆን ምስክርነትን ውድቅ ለማድረግ ብቻ የሚቀበሉ አሉ። ይህ ሦስተኛው መንገድ ለእኔ ሚዛናዊ ይመስለኛል፤ ውሳኔው ግን የዑለማዎች ነው።

ጨረቃዋን ራስዎ ለመፈለግ ካሰቡ፣ ምዕራቡ ወደሚታይበት ከፍታ ወጥተው ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከጠለቀችበት ነጥብ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ይፈልጉ። ቴሌስኮፕ ወይም የሩቅ ማሳያ መነጽር ከያዙ ግን ፀሐይ ፈጽማ ሳትጠልቅ ወደዚያ አቅጣጫ አያዙሩት፤ በቅጽበት ዓይን ያጠፋል።