ኢንተርንሺፕ ላይ ማን ይጠየቃል?

እህቴ፣ «ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ነኝ፤ ሳይት ስንወጣ እንዳንደናገር ትምህርቱ ምን ቢቀየር ይሻላል?» ላልሽው ብዙ ሰው «ሶፍትዌር ይጨመር» ብሎሻል። እኔ የጎደለኝ ሌላ ነበር።

ተመርቄ የገባሁበት የመጀመሪያ ሳይት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የኮለን (የምሰሶ) ሙሌት ቀን ፌሮው (ብረቱ) ጥቅጥቅ ብሎ አርማታው አልወርድ አለ። ፎርማኑ «ውሃ ጨምርበት!» ሲል አንድ ጀሪካን ሚክሰሩ ውስጥ ተገለበጠ። ትርፍ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ አርማታውን እንደሚያደክመው አውቃለሁ፤ በፈተናው ኤ ነው ያመጣሁት። ጠጠሩ ከ02 ወደ ደቃቁ 01 ወርዶ ሚክሱ (ድብልቁ) ቀድሞ ቢስተካከል ኖሮ ችግሩ እንደማይመጣም አውቃለሁ። ግን ዝም አልኩ። ሰውየው በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ሥራ ማስቆም የማን ሥልጣን እንደሆነ፣ ሳይት ቡክ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ደግሞ ያስተማረኝ የለም። የባሰው፣ በ28 ቀኑ ለሚደረገው የጥንካሬ ምርመራ ኪዩቡን (የአርማታውን ናሙና) የሞላነው ውሃው ሳይጨመር ነበር። ውጤቱ አለፈ። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ ሕንፃውን ቀና ብዬ አያለሁ።

አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኢንተርንሺፕ ወጥቼ ነበር እኮ! ፎቶ አነሳሁ፣ ሪፖርት አሳመርኩ፣ ማኅተም ተመታልኝ፤ አማካሪ መምህሬን ያገኘኋቸው የፕረዘንቴሽን ቀን ነው።

እኔ ብሆን ከዚያ ሴሚስተር እጀምራለሁ። ለተማሪው የሚጠየቅበት ሥራ ይሰጠው። የአንድ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ቴክ ኦፍ፣ ማለትም የሥራውን መጠን ልኬት፣ ራሱ ሠርቶ ከኮንትራክተሩ የክፍያ ጥያቄ ጋር ያመሳክር፤ የተለያየበትን ለተቆጣጣሪው ያስረዳ። ስለምፕም (የአርማታውን ቅጥነት) በእጁ ይለካ። ግማሹን ማርክ መምህሩ ሳይት ድረስ መጥተው ይስጡት። በ2015 የተጀመረው የመውጫ ፈተና ፎርማን ፊት ቆሞ «ይህ አይሞላም» ማለትን አይፈትንም።

«70 ለ30 (ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ) ከተባለ ወዲህ ተማሪው በዝቶ፣ አንድ መምህር ስንቱን ሳይት ይዞራል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ለሁሉም አይዳረስም። ቢሆንም ቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እስከ ኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች ምን ያህል ነው? ቅርብ ካለው ይጀመር።

አንቺ ግን ካሪኩለሙን አትጠብቂ። ዕረፍት ላይ ድሮዊንግ (ፕላኑን) ይዘሽ አንድ ፌራዮ (ብረት ሠራተኛ) ጠጋ በይና ስታፋውን (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚይዘውን ቀለበት) በስንት ሴንቲ እንደሚያስር ቁጠሪ። ካልገጠመ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። ሻይ ከጋበዝሽው ቀኑን ሙሉ ያስረዳሻል።