ሥጋ በል ዕፅዋት፦ በማሰሮ ወይስ በረግረግ መደብ?

እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ። ቬነስ ፍላይትራፕን (ቅጠሉን ክድን አድርጎ ነፍሳት የሚይዘውን) እና ሳራሴንያን (ቱቦ መሰል ቅጠሉ ውስጥ ነፍሳት የሚያጠምደውን) ቨርጂኒያ ውስጥ በአበባ ማሰሮ ላሳድግ ወይስ ጓሮዬን ቆፍሬ ረግረግ መደብ ላዘጋጅ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ሁለቱንም ስለማሳድግ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ከቦታው በፊት ውሃውን አስቢ። በጁላይ ሙቀት ከየት ታመጪዋለሽ? እነዚህ ዕፅዋት የለመዱት ዘወትር እርጥብ፣ አሲዳማና ምግብ የሌለው አፈር ነው፤ ነፍሳት የሚያጠምዱትም አፈሩ የነፈጋቸውን ናይትሮጅን ለማግኘት ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ሥሮቻቸውን ይጎዳል። የሚስማማቸው የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በግፊት በረቂቅ ማጣሪያ አልፎ) የተጣራ ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ ርካሽ የቲዲኤስ መለኪያ ግዢ፤ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች ካሳየሽ ውሃው ይሆናል። ለጥቂት ማሰሮ ከሱቅ የሚገዛው ጋሎን ይበቃል። መደብ ግን በበጋ ብዙ ስለሚጠጣ ከጣራሽ አሸንዳ ሥር በርሜል ያስፈልገዋል። በርሜል ማስቀመጥ ካልቻልሽ መደቡን ባትጀምሪው ይሻላል።

ውሃው ካለሽ ግን ልቤ ወደ መደቡ ያደላል። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረሽ የኩሬ ላስቲክ ታነጥፊበታለሽ። ከአፈሩ ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ የላስቲኩን ጎን ጥቂት ቦታ ትበሺዋለሽ፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ትርፉ በዚያ ይወጣል፣ ከሥር ያለው ውሃ ግን ይቀራል። የአፈሩ ብዛት ነው ትልቁ ጥቅም። በሐሩር ሥሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ በውርጭ ጊዜ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ሁለት ሦስት ቀን ከቤት ብትወጪም አይደርቅብሽም። ሳራሴንያ ፍላቫ የተባለው ረጅሙ ዓይነት እንደ ልቡ ሥር ሰድዶ ወደ አንድ ሜትር ሲጠጋ የምታዪው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ፍላይትራፕ ግን አጭር ስለሆነ ሳራሴንያው እንዳያጠላበት በደቡብ በኩል ጠርዙ ላይ ትከዪው። አረም አለው፣ ያውም ብዙ፤ ሣሩ ሥር ሳይሰድ በእጅ መንቀል ነው። መደቡ የሚሞላበት ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል) እየሰጠመ ስለሚሄድ በየጊዜው ይሞላል።

ማሰሮ የሚበልጠው ተንቀሳቃሽ በመሆኑ ነው። ቤቱን ተከራይተሽው ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክር አልሰጥሽም ነበር። የፕላስቲክ ይሁን፤ ሸክላ ውሃውን በጎኑ ያተናል፣ ማዕድንም ሊለቅ ይችላል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው። ችግሩ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። ሁለቱም ዓይነት ዕፅዋት ከሦስት እስከ አራት ወር በቅዝቃዜ ማረፍ አለባቸው፤ ቅጠላቸው ሲጠቁር ሞቱ ብለሽ እንዳትጥያቸው፣ ሳሎንም አታስገቢያቸው። ትንሽ ማሰሮ ግን እስከ ሥሩ ድረስ በረዶ ይሆናል፣ ነፋሱም ያደርቀዋል። ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ መስኮት አጠገብ ማቆየት ወይም ማሰሮውን መሬት ውስጥ ቀብሮ የጥድ ቅጠል ማልበስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት መካከለኛውን መንገድ ያዢ፦ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ ገዝተሽ፣ ቀዳዳውን ከታች ሳይሆን በጎኑ ላይ አድርጊለት። ግማሽ ፒት ሞስ፣ ግማሽ ደግሞ የታጠበ ሲሊካ አሸዋ ወይም ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍንጣሪ) ቀላቅለሽ ሙዪው። ደረቅ ፒት ውሃ አይቀበልም፤ አስቀድመሽ ለብ ባለ ውሃ በእጅሽ አሺው። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት አፈር ፈጽሞ አይግባበት። ጓሮሽ እንደሚስማማቸው ካየሽ በኋላ በሚቀጥለው ፀደይ ወደ መደብ ታዛውሪያቸዋለሽ። ኔፐንቲስ የተባለውን ሌላ ሥጋ በል ተክል ግን ከእነዚህ ጋር አትትከዪ፤ የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ የቨርጂኒያን ውርጭ አይችልም።

ስትገዢ በችግኝ ጣቢያ የተባዛ መሆኑን አረጋግጪ። ፍላይትራፕ በዓለም ላይ በተፈጥሮው የሚበቅለው በሁለቱ ካሮላይናዎች የባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ ነው። ሰሜን ካሮላይና ከዱር መስረቅን ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ያደረገችው ሌቦች እየጨረሱት ስለሆነ ነው፤ ከየት እንደመጣ መናገር ከማይችል ሻጭ በርካሽም ቢሆን አትግዢ።

ሁለቱም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ጓሮሽን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ፎቶ አንስተሽ ከለጠፍሽልን ገንዳው የት ቢቀመጥ እንደሚሻል አብረን እናያለን።